መብትዎ የተጠበቀ ነው

ሰው ምን አጥቶ ነው ይህን ፍርድ ቤት የሚያማው? ወሎ ውስጥ ካሉት ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች አንዱን ማለቴ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ደጁን የረገጠ ያውቀዋል። ይግባኝ ይዞ የገባ ሁሉ «ይህ ችሎት ጉዳዩን ለማየት የሥረ ነገር ሥልጣን የለውም» የሚል ወረቀት ይዞ እያጉረመረመ ይወጣል። የበር ጥበቃው እንኳ አዛዥ በሆነበት ዘመን «እኔን አይመለከተኝም» የሚል ትሑት ቤት ማግኘት ቀላል መሰለው?

ሕጉም ከቤቱ ጋር ነው። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 9፣ ሥልጣን የሌለው ፍርድ ቤት ተከራካሪዎቹ ባይቃወሙ እንኳ ጉዳዩን እንዳያይ ይከለክላል። ዓመት ከርሞ ይወቀው ግን አይልም፤ እሱ የቤቱ የራሱ ጥበብ ነው። ማመልከቻው ይገባል፣ የዳኝነት ይከፈላል፣ መዝገብ ይከፈታል። የሥር ፍርድ ቤቱ ግልባጭ ይምጣ። መልስ ሰጪው መጥሪያ ይድረሰው፤ አልደረሰውም፤ ይደገም። ዳኛው ሥልጠና ሄደዋል። መብራት የለም። መልስ ይቅረብ፣ የመልስ መልስ ይቅረብ። «መዝገቡ ተመርምሮ አላለቀም።» ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የመጀመሪያው ገጽ ይነበብና ሥልጣን የለም ይባላል።

ይህ ሁሉ ደግሞ እንጀራ ነው። ባለጉዳዩ ከዳውንት ይነሳ ከወግዲ፣ ለቀጠሮው ዋዜማውን ገብቶ አልጋ ይይዛል፤ ሻይ ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ፎቶ ኮፒው ሁሉም ይመርቁታል። ከአጥሩ ሥር ጃንጥላ የዘረጋው ማመልከቻ ጸሐፊማ ሥልጣን እንደሌለ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር፤ ግን የሚያስከፍለው በገጽ ነው።

እኔን አንጀቴን የሚበላው የትእዛዙ መዝጊያ ነው፤ «ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ ነው። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ጉዳይን አቅርቦ ውሳኔ ወይም ፍርድ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ቤታችን ይህን መብት እንደ ቋንጣ ሰቅሎታል፤ አይበላሽም፣ አይበላምም። ባለ ሥልጣኑ አካል ማን እንደሆነ ብቻ አይጻፍም። ቢጠየቁ «ፍርድ ቤት ምክር አይሰጥም»፤ እውነት ነው፣ ምክር ከጃንጥላው ሥር ይሸጣል። እስከዚያው 60ው የይግባኝ ቀን ያልፋል፤ ካለፈ ደግሞ የማስፈቀጃ ማመልከቻ አለ፣ እሱም አዲስ መዝገብ ነው። አሮጌው በሪፖርቱ ላይ «እልባት ያገኘ» ተብሎ ተቆጥሯል። ምን ዓይነት እልባት ብሎ የጠየቀ የለም።

የኛ አበጋሮች፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ግን መቼም አይሠለጥኑ! ደም የተቃቡ ሰዎች መካከል ይገባሉ፤ ዱዓው ይደረጋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ደሙ እስኪደርቅ አይነሱም። ለመሆኑ ይህን ለማየት ሥልጣን አለን ወይ ብለው አንድ ቀን እንኳ ተጠያይቀው አያውቁም። ኋላ ቀርነት ይሏል ይሄ ነው።

የዘመኑ ሰው ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይመለሳል። ወረዳውም በትሕትና አይታማም፤ «እኔ አንዴ ፈርጃለሁ፤ የፈረድኩትን መልሼ ለማየት ሥልጣን የለኝም። ቅር ካሰኘህ ለከፍተኛው ይግባኝ በል» ይለዋል።