እርማት፦ ጆርዳንን ማንም አላባረረውም

ወንድሜ፣ ስለ ድሮ ሂፕሆፕና ስለ 90ዎቹ ኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) የጻፍከው ትዝታዬን ቀስቅሶታል። ቱፓክን በካሴት፣ የጆርዳንን ቡድን ቡልስን በቀይ ማሊያ፣ በዚህ አንጣላም። ግን «ማይክል ጆርዳን አይችልም ተብሎ ከትምህርት ቤት ቡድን ተባረረ» ያልከው ላይ ላርምህ።

ነገሩ የሆነው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊልሚንግተን፣ ኖርዝ ካሮላይና። ሌኒ የሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ቡድን ነበረው፣ ዋናውና የታዳጊዎቹ። ጆርዳን ያኔ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነው፣ ቁመቱም 1 ሜትር ከ78 ገደማ። የ10ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ በተለምዶ ታዳጊው ቡድን ውስጥ ነው የሚጫወተው። ከእኩዮቹ ወደ ዋናው ያለፈው ሊሮይ ስሚዝ ነው፣ እሱም 2 ሜትር ስለሚሆን፤ ቡድኑ ረጅም ሰው ቸግሮት ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው ታሪኩ! ጆርዳን ታዳጊዎቹ ጋ ገብቶ አንዳንዴ በአንድ ጨዋታ 40 ነጥብ ያስቆጥር ነበር፣ በዓመቱ ቁመት ጨምሮ ዋናው ቡድን ገባ።

እርግጥ የተለጠፈው ዝርዝር ላይ ስሙን ሲያጣ ቤቱ ሄዶ አልቅሷል፣ ራሱ ነው የተናገረው። ቂሙም አልበረደለትም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ሆል ኦፍ ፌም (የቅርጫት ኳስ ታላላቆች የክብር መዝገብ) ሲገባ ስሚዝን አዳራሹ ድረስ ጠርቶት መድረክ ላይ ስሙን አነሳው። ከ30 ዓመት በኋላ!

እኔን የሚያሳዝነኝ አሰልጣኙ ነው፣ ዕድሜ ልኩን «ጆርዳንን ያባረረው ሰውዬ» ተብሎ ቀረ።