ለሰብሚታል ቀን ይቆረጥለት

ከሜክሲኮ ተነስታችሁ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ለገሃር ብትሄዱ፣ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ሳታዩ አታልፉም። አንዳንዱ በየሳምንቱ መልኩን ይቀይራል። ሌላው ደግሞ ኮንክሪቱ ተሞልቶ አልቆ፣ መስኮት ሳይገባለት ለወራት ይቆማል። መንገደኛው "ገንዘብ አልቆባቸው ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም አለ። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ሳይት ላይ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ከሳይቱ አጥር ውጭ ግን ብዙ የማይወራውን የሰብሚታል ጉዳይ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ኮንትራክተሩ ዕቃ ከመግዛቱ ወይም ሥራ ከመጀመሩ በፊት "የማስገባው ይህን ነው፣ የምሠራው እንዲህ ነው" ብሎ በአሠሪው ስም ሥራውን ለሚቆጣጠረው አማካሪ ያቀርባል። ሰብሚታል የሚባለው ይህ ነው። የሴራሚክ ሳምፕል፣ የብረት የፍተሻ ሰርተፍኬት፣ የኮንክሪት ሚክስ ዲዛይን (የቅልቅሉ ምጣኔ)፣ የአሉሚኒየም መስኮት ሾፕ ድሮዊንግ (ለማምረትና ለመግጠም የሚዘጋጅ ዝርዝር ሥዕል)፣ የጄነሬተር ካታሎግ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ያልፋል። አማካሪው ከውሉና የዕቃውንና የሥራውን ጥራት ከሚዘረዝረው ስፔሲፊኬሽን ጋር ያመሳክረዋል። ከዚያ ያጸድቃል፣ ወይም "ይህን አስተካክለህ ቀጥል" ይላል፣ ወይም "አርመህ መልሰህ አቅርብ" ይላል፣ ወይም ጭራሽ አይሆንም ይላል። ከአራቱ የትኛውም ቢመጣ ኮንትራክተሩ የሚያደርገውን ያውቃል። ሥራ የሚቆመው የትኛውም ሳይመጣ ሲቀር ነው።

"ኢንጂነር፣ ያ የውሃ መከላከያው ነገር ምን ደረሰ?" ይላል የኮንትራክተሩ ኦፊስ ኢንጂነር።

"እያየነው ነው።"

በሳምንቱ ስብሰባ እንደገና ይነሳል። ቃለ ጉባኤው ላይ "በሂደት ላይ" ተብሎ ይሰፍራል። በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ነው። ምድር ቤቱ ተቆፍሮ ክፍት ነው፣ ሰኔ እየገባ ነው። ክረምቱ ደግሞ ፊርማ አይጠብቅም። ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላ ፓምፕ ተከራይቶ ቀንና ሌሊት መምጠጥ ነው።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የሊፍት ጉዳይ ነው። የሊፍት ዘንግ ስፋት፣ ከታች የሚተወው ጥልቀት፣ ከላይኛው ፎቅ በላይ የሚያስፈልገው ከፍታ፣ የበሩ ክፍተት፣ ሁሉም እንደ አምራቹ ይለያያል። ስለዚህ የትኛው ሊፍት እንደሚገባ መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት መታወቅ አለበት። እኛ ጋ ሊፍት የሚታሰበው ፊኒሺንግ ሲቃረብ ነው። በግምት የተቀመጠው ልክ ይሞላል፣ ሕንፃው አሥረኛ ፎቅ ይደርሳል፣ ከዚያ የተመረጠው ሊፍት ሾፕ ድሮዊንግ ይመጣል። ጥልቀቱ ያንሳል። ወይም በሩ በጥቂት ሳንቲሜትር ይጠባል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጃክሃመር ድምፅ ነው። ስንት ሲሚንቶና ብረት የፈሰሰበት ሺር ዎል፣ ሕንፃውን የሚያጸናው የኮንክሪት ግድግዳ፣ ይፈለፈላል፣ ብረቱ ይቆረጣል፣ እንደገና ይታሰራል። ጥንካሬው እንደ መጀመሪያው ነው ብሎ በሙሉ ልቡ የሚምል መሐንዲስ አላጋጠመኝም። ይህ ሁሉ የሚመጣው አንድ ወረቀት በጊዜው ስላልቀረበና በጊዜው መልስ ስላላገኘ ነው።

ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዕቃው ሳይት ላይ መቼ ይፈለጋል? ከዚያ ላይ ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጉዞ ቀንሱ። የባንኩን ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ግዢ የሚከፈተውን የክፍያ ዋስትና፣ የሚፈጀውን ጊዜ ቀንሱ። ፋብሪካው የሚያመርትበትን ጊዜ ቀንሱ። አማካሪው የሚያይበትን ቀን ቀንሱ። ደግሞ አንዴ ተመልሶ ቢታረም የሚወስደውን ጨምራችሁ ቀንሱ። የሚቀረው ቀን ሰብሚታሉ መግባት የነበረበት ቀን ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ቀን ካለፈ ቆይቷል። አገር ውስጥ የሚሠራውም ቢሆን የራሱ ጊዜ አለው። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። የ7ኛው ቀን ውጤት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይተካውም። ሚክስ ዲዛይን ላይ አንዴ "ድገም" ከተባለ አንድ ወር ሄደ ማለት ነው።

ገንዘቡስ? የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው በሐምሌ 2016 ነው። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሰብሚታል ምን እንዳስከፈለ፣ ፕሮፎርማ (የአቅራቢ የዋጋ ማቅረቢያ) ይዞ ይጠብቅ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ዛሬም አቅራቢዎች ዋጋ የሚያጸኑት ለጥቂት ቀን ነው። አማካሪው ቢሮ ወር የሚያድር ወረቀት የሦስትና የአራት ፕሮፎርማ ዕድሜ ይበላል።

ጥፋቱን ግን አማካሪው ላይ ብቻ መደፍደፍ ትክክል አይደለም። ኮንትራክተሮች የምታስገቡትን እስቲ እዩት። ከኢንተርኔት የወረደ 80 ገጽ ካታሎግ፣ የትኛው ሞዴል እንደተመረጠ ምልክት የሌለበት። ስፔሲፊኬሽኑ የሚጠይቀው ከሚቀርበው ጋር ጎን ለጎን ያልተነጻጸረበት። አንዳንዴ ይባስ ብሎ ዕቃው ከመርካቶ ተገዝቶ፣ ሳይት ገብቶ፣ ግማሹ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ "እባካችሁ አጽድቁልን" የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ይህ አማካሪውን እጁን ጠምዝዞ ማስፈረም ነው። እንዲህ ያለ ኮንትራክተር "አማካሪው አዘገየኝ" ለማለት አፍ የለውም።

ከአማካሪው ወገን ደግሞ ብዙ ጊዜ ብዕሩን የሚይዘው ፍርሃት ነው። ወጣት መሐንዲስ ነው፣ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ የፈረመው ነገር ነገ ኦዲት ላይ እንደሚነሳ ያውቃል። ስለዚህ ወደ በላይ ይልከዋል። ከበላይ ወደ አሠሪው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ውሉ ለአማካሪው የሰጠው ውሳኔ፣ ለዚያውም የቀለም ምርጫ፣ የሥራ አስኪያጁን ከመስክ መመለስ ይጠብቃል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ቀን ያልተቆረጠለት ጠረጴዛ ሌላም ነገር ይጋብዛል። መልስ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ቦታ "ምን ብናደርግ ይፈጥናል?" የሚል ሰው አይጠፋም። ጉቦ እንዲህ ነው የሚገባው። ቀን መቁረጥ ንጹሑን መሐንዲስም ከሐሜት ያድነዋል።

"እንግዲያው ዝም ብሎ መፈረም ነው?" የሚለኝ ይኖራል። በፍጹም። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ የሀያት ሪጀንሲ ሆቴል የውስጥ መተላለፊያ ድልድዮች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ዲዛይን የሁለተኛውንና የአራተኛውን ፎቅ ድልድይ ከጣሪያው ወርዶ የሚይዘው አንድ ወጥ ዘንግ ነበር። በኋላ ለሥራ እንዲመች ተብሎ በሁለት ዘንግ ተተካ። የታችኛው ድልድይ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። የላይኛው ድልድይ ማያያዣ የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ሆነ። ለውጡን በስሌት ያረጋገጠ ሰው አልነበረም፤ ሾፕ ድሮዊንጉ ግን የመሐንዲሱ ማህተም አርፎበት ነበር። ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሶች የሙያ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ለ114ቱ ቤተሰብ ግን ያ ምንም አይመልስም።

ይህን የማነሳው ከተማችን ሩጫ ላይ ስለሆነች ነው። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ጀምሮ ፒያሳንና አራት ኪሎን በ24 ሰዓት ሥራ ሲቀይር ሁላችንም አየን። አሁን የግል ባለሀብቱም "እነሱ በወራት ጨርሰው የለ እንዴ?" ይላል። ይሁን፣ እንፍጠን። ሠራተኛው በሦስት ፈረቃ እየገባ አጽዳቂው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ወይ ሥራው ይቆማል፣ ወይ ሳይታይ ይፈረማል። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስከፍላል። ሁለተኛው የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ዓለም ላይ የሚሠራበት አንድ ምሳሌ አለ። የፊዲክ፣ የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ እ.ኤ.አ. የ2017 ቀይ መጽሐፍ የሚባለው የግንባታ ውል ኢንጂነሩ (እኛ አማካሪ የምንለው) የቀረበለትን ሰነድ በ21 ቀን ውስጥ አይቶ እንዲመልስ ያዛል። ካልመለሰ እንዳልተቃወመ ይቆጠራል። የቀን ገደቡን እደግፋለሁ። ዝምታን እንደ ስምምነት መቁጠሩን ግን ሕንፃውን በሚሸከም ነገር ላይ አልቀበለውም። የካንሳስ ሲቲው ታሪክ በቂ ነው። ስትራክቸር ላይ ቀኑ ካለፈ፣ የዘገየው ቀን ሳይለመን ለኮንትራክተሩ የጊዜ ማራዘሚያ ሆኖ ይታሰብለት። አማካሪውም በውሉ መሠረት ይጠየቅበት። ለቀለም፣ ለእጀታና ለሴራሚክ ግን የ21 ቀን ዝምታ እሺ ቢባል ማንም አይሞትም።

ለዚህ አዲስ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ሁሉም ሳይት ኤክሴል አለው። ሥራው ሲጀመር መቅረብ ያለባቸው ሰብሚታሎች በሙሉ ይዘርዘሩ። ከእያንዳንዱ ጎን የሚቀርብበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ የሚያየው ሰው ስም ይጻፍ። "አማካሪው" ተብሎ አይጻፍ፤ የሰው ስም ይጻፍ። በቃል ተስማምተናል የሚባል ነገር ይቅር። ሲመለስም ምክንያቱ ከስፔሲፊኬሽኑ አንቀጽ ጋር ይጻፍ። "አልተመቸኝም" ምክንያት አይሆንም።

የጸደቀ ሳምፕል ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አይጥፋ። ጀርባው ላይ በማርከር ቀንና ፊርማ ይጻፍበትና ሳይት ቢሮ ይቀመጥ። ሴራሚክ አንድ ሞዴል ሆኖም ከአንዱ ዙር ምርት ወደ ሌላው ቀለሙና ልኩ ትንሽ ይለያል። ካርቶኑ ላይ የሼድና የካሊበር ቁጥር የሚጻፈው ለዚህ ነው። ኮንቴይነሩ ሲመጣ ከተለያየ ቦታ ካርቶን ይከፈት፣ ቁጥሩ ይታይ፣ ዕቃው ከሳምፕሉ ጎን በቀን ብርሃን ይቀመጥ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሦስት ፎቅ ከተነጠፈ በኋላ ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ ይሆናል።

አሠሪዎች፣ ትልቁ ጉልበት ያለው እናንተ ጋ ነው። ለአማካሪ በጣም ርካሹን ዋጋ መርጣችሁ አራት ሳይት በአንድ ሬዚደንት ኢንጂነር (ሳይት ላይ በሚውል ተቆጣጣሪ መሐንዲስ) የሚመራ ድርጅት ከቀጠራችሁ፣ መልስ ቢዘገይ አትገረሙ። በየወሩ ክፍያ ስታጸድቁ የሰብሚታል መዝገቡን አብሮ እንዲቀርብ ጠይቁ። ቀኑ ያለፈበት መስመር ካለ ከጎኑ የማን ስም እንዳለ እዩና ለዚያ ሰው በዚያው ቀን ደውሉ።