እርማት፦ የእንግሊዝኛ ግስ የሚስማማው ከቅርቡ ስም ጋር አይደለም

«ግሱን ከፊቱ ካለው የቅርብ ስም ጋር አስማማ» የሚለው ምክር እንደ ሕግ ተይዟል፤ ግን ተማሪን ያሳስታል። ግስ የሚስማማው ከባለቤቱ ዋና ስም ጋር ነው። «ዘ ሊስት ኦፍ ኔምስ ኢዝ ሎንግ» እንጂ «አር ሎንግ» አይባልም፤ ረጅሙ ዝርዝሩ ነው፣ ስሞቹ አይደሉም። ፈተና አውጪዎችም በዋናው ስምና በግሱ መካከል የብዙ ቁጥር ስም የሚሰነቅሩት ሆን ብለው ነው።

በ«ኦፍ»፣ በ«ዊዝ» ወይም በ«አዝ ዌል አዝ» የሚጀምረውን ሐረግ በእርሳስ ሰርዛችሁ የቀረውን አንብቡ። «ዘ ቲቸር፣ አዝ ዌል አዝ ሂዝ ስቱደንትስ፣ ኢዝ ሂር» ትክክል ነው።

ስረዛው የማይሠራበት ቦታም አለ፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» «አር» ይወስዳል፤ «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» ግን «ኢዝ»። «ሰም»፣ «ኦል» እና «ሞስት» ደግሞ ከ«ኦፍ» በኋላ ባለው ስም ይወሰናሉ፦ «ሞስት ኦፍ ዘ ሚልክ ኢዝ»፣ «ሞስት ኦፍ ዘ ኤግስ አር»።

የቅርቡ ስም በእርግጥ የሚወስነው በ«ኦር» እና በ«ኖር» ሲያያዝ ነው፦ «ኒዘር ዘ ቲቸር ኖር ዘ ስቱደንትስ አር ሂር»። ምክሩ ከዚህ ተቀንጭቦ ለሁሉም የተሠራጨ ይመስለኛል።