«የቤተሰብ ምሳ ነው» ብዬ ነበር

ከዚያ አዳራሽ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ይህንንም የምጽፈው ቁጣዬ ሳይበርድ ነው፤ ከበረደ በኋላ እንደ ልማዴ «ይሁን፣ ምን ይደረጋል» ብዬ እንደምተኛ አውቃለሁና። «የጥር ሠርጋችሁ ጉዳይ የት ደረሰ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለሰነበታችሁ ወዳጆቼ ሁሉ መልሱ ይኸውላችሁ፦ የትም አልደረሰም። እጃችን ላይ ያለው 300,000 ብር ነው። እርሱም እጮኛዬ የሌሊት ተራ እየደረበች፣ እኔ ቅዳሜና እሑድ የሰው ልጆች እያስጠናሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ጥለን ያጠራቀምነው ሲሆን፣ ከባንክም ከዘመድም ሳንበደር እንጋባ ብለን ስንማማል ብዙ ገንዘብ መስሎን ነበር። ለአዲስ አበባ የሠርግ ገበያ ግን ለቀብድ ያህል እንደሚበቃ ባለፉት ሦስት ወራት ተነግሮናል፤ አንዳንዱ በትሕትና፣ አንዳንዱ በሳቅ ነገረን፣ የዛሬዋ የአዳራሽ አስተባባሪ ደግሞ በሁለቱም።

በእነዚህ ወራት እንደ ተረዳሁት፣ በዚህ ከተማ ከሥጋም ከዘይትም ይልቅ የተወደደው «ሠርግ» የሚለው ቃል ነው። ለልደት ግማሽ ቀን 10,000 ብር የጠየቀኝ ፎቶ አንሺ፣ ያንኑ ካሜራ ይዞ ያንኑ ግማሽ ቀን ለሠርግ እንደምፈልገው ስነግረው ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ «እንደዚያ ከሆነማ ፓኬጅ አለን» አለና 70,000 ብር ጠራብኝ። ድሮኑ፣ አልበሙ፣ በር የሚያህለው ፎቶ፣ እንዲሁም ከሠርጉ በፊት በሌላ ቀን ጫካ ውስጥ እየሮጥን የምንቀረጸው ቪዲዮ ሁሉ በውስጡ አለ። እኔ ጫካ ውስጥ መሮጥ አልፈልግም፤ እጮኛዬም ከሌሊት ተራ ወጥታ የምትሮጥበት ጉልበት የላትም። «ፓኬጁ አይነጣጠልም» አለን። ቬሎ አከራይዋ ደግሞ ዋጋ በጠየቅናት ቁጥር «ዶላር ጨምሮ ነው» ትላለች። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ምን ያህል እንደ ጨመረ እኔም አውቃለሁ፤ ከውጭ ለሚገባ ልብስ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ዲኮር የሚሠራው ሰውዬ ስለ ቄጠማና ስለ ዘንባባ ስጠይቀው እንኳን ያንኑ ዶላር ያነሣብኛል። ቄጠማ ከየት አገር ነው የሚገባው?

ስለዚህ ዛሬ ብልጥ ልሁን አልኩ። ያንን ውድ ቃል ከአፌ ሳላወጣ አዳራሹን በምሳ ዋጋ ልከራይ አሰብኩ። እጮኛዬ «ተው፣ ውሸት አይሆንልህም፤ ፊትህ ይናገራል» ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። ፊቴ ግን አልተናገረም፤ የተናገሩት አማቴ ናቸው። «አዳራሹን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልድርም» ብለው አብረውን መጡ፤ እኛም በጾም ቀን አንዲት ትልቅ ሴት የውሸት ተባባሪ ማድረግ ስለ ከበደን ምንም ሳንነግራቸው ገባን።

አስተባባሪዋ ውሃ አስመጥታ በደንብ ተቀበለችን። «ምን ዓይነት ፕሮግራም ነው?» ስትል፣ ታክሲ ውስጥ ሳጠናው የመጣሁትን «የቤተሰብ ምሳ ነው፤ 120 ሰው ያህል እንሆናለን» አልኩ። ለአንድ ሰው 900 ብር ብላ የምግቡን ዝርዝር የያዘ ነጭ ወረቀት ሰጠችኝ። እኔም ደስታዬን ዋጥ አድርጌ በልቤ ማባዛት ጀመርኩ፤ ምግቡ 108,000 ብር፣ በላዩ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 136,620 ብር ይሆናል። ከገንዘባችን ከግማሽ በላይ ሊተርፍልን ነው! ቬሎውም፣ ሱፉም፣ ላንጋኖም ሊደርሱ ነው! እኔ ይህን ስደምር፣ ጣሪያውን በአድናቆት ሲቃኙ የቆዩት አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው «የኔ ልጅ፣ ሙሽሮቹ የሚቀመጡት በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሁላችንም ዝም አልን። ጥግ ላይ የቆመው የለስላሳ ማቀዝቀዣ ብቻ ያጉረመርም ነበር።

«የቶቹ ሙሽሮች፣ እማማ?»

«እነዚህ ናቸዋ፣ ልጆቼ!»

አስተባባሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ የቤተሰብ ምሳ አላሉኝም እንዴ?»

«ሠርግም እኮ የቤተሰብ ምሳ ነው» አልኩ። መልሱን ያገኘሁት በዚያችው ቅጽበት ቢሆንም አሁንም ትክክል ነው ብዬ እከራከራለሁ።

«ቬሎ ይለበሳል?»

«አዎ።»

«ኬክ ይቆረሳል?»

«ትንሽዬ።»

«ሚዜስ?»

«ሁለት ብቻ።»

«እንግዲያው ሠርግ ነው» ብላ፣ ሐኪም የምርመራ ውጤት በሚናገርበት አኳኋን ነጩን ወረቀት ከእጄ ተቀበለችኝና ከመሳቢያዋ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ሌላ ወረቀት አወጣች። ለአንድ ሰው 1,850 ብር፤ የሰው ብዛት ከ200 አያንስም። የምግቡን ዝርዝር ዓይኔን አፍጥጬ ከነጩ ጋር በትዝታዬ ሳስተያየው ከአንድ ዓይነት ሰላጣ በቀር አዲስ ነገር አጣሁበት። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላት፣ በጣም አዝና «ሠርግ ኃላፊነት አለው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። በሚቀጥለው ጠረጴዛ ተራቸውን የሚጠብቁ ሌሎች ጥንዶች እየሰሙ፣ ድምፅዋን አንድ እርከን እንኳን ሳትቀንስ «አቅም ካልፈቀደ ለምን ትንሽ አትቆዩም? ወይም ደግሞ ቀለበት ብቻ አድርጉ፤ ለቀለበት የልጆች ልደት ክፍላችንን በቅናሽ እንሰጣችኋለን፤ ግድግዳው ላይ ያሉት የካርቱን ሥዕሎች በጨርቅ ይሸፈናሉ» አለች። ከጥንዶቹ ሴቲቱ አፏን በእጇ ያዘች፤ ባልየው ደግሞ ስልኩ ላይ አንዳች አስቸኳይ ነገር የመጣበት መሰለ። እኔ 33 ዓመቴ ነው፤ ግብር የምከፍል ሰው ነኝ፤ ከተሸፈነች አይጥ ሥር ቀለበት እንዳስር ተመከርኩ።

ወርቃማውን ወረቀት ደግሞ ታክሲ ውስጥ አባዛሁት። የ200 ሰው ምግብ 370,000 ብር፣ ከነአገልግሎቱና ከነታክሱ 468,050 ብር ነው። እኛ የጠራነው 120 ሰው ስለ ሆነ የማይመጡ የ80 ሰዎችን ምሳ ከፍለን ልንሄድ ነው። እነዚያን 80 ሰዎች ከየት እንደማመጣ አጎቴን ብጠይቃቸው ግን እስከ ማታ ድረስ ስማቸውን ጽፈው ይልኩልኛል። ባለፈው ሳምንት ዝርዝሩን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው «120? ይህማ ለሰልስት የሚመጣ ሰው ነው» አሉኝ። አክስቴ ደግሞ የዕድራቸው ሰዎች በሙሉ ካልተጠሩ ነገ ሲሞቱ የሚያነሣቸው ሰው እንደማይኖር በእንባ አስረዱኝ። ማለትም የእኔ ሠርግ የአክስቴ የቀብር ዋስትና ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም ለአንድ ሰው ምሳ እንኳን አስተዋጽኦ አደርጋለሁ ብለው አልተነፈሱም፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት ግን በልጅነቴ ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው።

«ድንኳን ጣሉ» የሚለኝ ሰው ደግሞ አለ። አባቴና እናቴ ሲጋቡ ሰፈሩ ሁሉ ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ የዕድሩ ድስትና አግዳሚ ወንበር ሲመላለስ፣ ጠላው በጋን ሲጠመቅ እንደ ነበር ሲያወሩ ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ድካሙን ጎረቤት ተካፍሎት ነበርና ወጪው በአንድ ሰው ኪስ ላይ አልወደቀም። አሁን እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የግቢውን ኮሚቴ ድንኳን ስለ መጣል ስጠይቅ «መኪናዎቹ የት ይቆማሉ?» ተባልኩ። እኔ መኪና የለኝም፤ የሰው መኪና እንዲቆም ግን ሠርጌ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ ላይ የቀኑ ጉዳይ አለ። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ጥር 11 ሰኞ ይውላል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9 ሰኞ ይገባል። በመካከል ያሉት እሑዶች ጥር 17፣ ጥር 24፣ የካቲት 1 እና የካቲት 8፣ አራት ብቻ ናቸው። መላው አዲስ አበባ በእነዚህ አራት እሑዶች ካልተጋባሁ ብሎ ሲጋፋ የአዳራሽ ባለቤት ዋጋ ቢቆልል ምን ይገርማል? ይህን አውቄ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሰው ቀለል ሲልለት፣ በግንቦት እንጋባ ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። አክስቴ «በግንቦት ሠርግ አይደገስም» ብለው ዘጉት። ለምን እንደማይደገስ ስጠይቃቸው «አይደገስማ» አሉኝ።

እንደ ሕጉ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ይቀበላል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚጋቡም ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክር ይበቃቸዋል። ሕጉ የሚጠይቀን አራት ምስክር ነው፤ ዘመዶቻችን የሚጠይቁን አራት መቶ ተጋባዥ። «ተፈራርመን፣ የቅርብ ሰው ምሳ ጋብዘን እንግባ» ብዬ ለእናቴ ስነግራት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ አርግዛለች እንዴ?» አለችኝ።

ላንጋኖን ያነሣሁት ለጫጉላ ስላሰብነው ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «ዱባይ ነው ዛንዚባር?» እያሉ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ጫጉላ ማለት እኮ ሙሽሮች ከቤት ሳይርቁ፣ ሚዜ እየጠበቃቸው፣ ዘመድ ገንፎና ዶሮ እያቀረበላቸው የሚሰነብቱበት ጎጆ ነበር፤ ፓስፖርት የሚጠይቅ ነገር መቼ ሆነ? እኛ ያማረን ሁለት ሌሊት ሐይቅ ዳር መተኛት ብቻ ነበር። ደውዬ ክፍል ስጠይቅ ዋጋው ደኅና ነበር፤ እጮኛዬ ከጎኔ ሆና «አዲስ ሙሽሮች ነን በላቸው፣ ምናልባት ይቀንሱልናል» አለችኝና አልኩ። ዋጋው እጥፍ ሆነ። ተጨማሪው ለምን እንደ ሆነ ስጠይቅ አልጋው ላይ የሚበተን ጽጌረዳና በፎጣ የተጣጠፈ የወፍ ምስል መሆኑን ሰውየው በኩራት ነገረኝ። እኔ በፎጣ መጠረግ ነው የምፈልገው፤ ወፍ ሆኖ ሲጠብቀኝ ምን ላድርገው?

ስለዚህ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ አምና የአባቴንና የእናቴን 35ኛ የጋብቻ ዓመት ያከበርንበትን ቀንም አልረሳሁትም። እህቴ ቤት የጋገረችውን ኬክ ይዘን አንድ ሆቴል ብንገባ «የኬክ ማስገቢያ ይከፈላል» ተባልን። ሰው ከውጭ ይዞት ለሚገባ ጠርሙስ «ኮርኬጅ» የሚባል ክፍያ ሲከፈል አይቻለሁ፤ ለእህቴ ዳቦ መሰል ኬክ ይከፈላል ብዬ ግን አልገመትኩም ነበር። አባቴ ጉዳዩን ሲሰማ ኮቱን አንሥቶ «መኪና ውስጥ እንብላው» አለ፤ እውነትም የጎረቤታችን መኪና ውስጥ ስድስት ሆነን ተጨናንቀን በላነው። እስካሁን ካከበርናቸው በዓሎች ሁሉ ያ ቀን ደስ የሚለው ነው ብል እጮኛዬ ሐሳብ እየሰጠሁ መስሏት ትቆጣለች። ሌላው ወዳጃችን፣ ማን እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ፣ ባለፈው ጥር የጋብቻውንም የሠርጉን ብድርም አንደኛ ዓመት በአንድ ቀን አክብሯል። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ስጠይቀው ሚስቱ ስላለች ዝም አለ።

እነሆ አሁን ቤቴ ተቀምጬ ያ ነጭ ወረቀት እንዲመለስልኝ የምመኝ ሰው ሆኛለሁ። እጮኛዬ «ተወው፣ ሌላ እንፈልጋለን» ብላ ወደ ሥራዋ ገባች፤ ዛሬም የሌሊት ተራ ናት። ይህን እየጻፍኩ ሳለ አማቴ ደወሉ። ልጃቸው ነገሩን ነግራቸው ኖሮ «እኔ ምን ዐውቄ፣ ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ፣ አንዲት ቃል እተነፍስ ነበር?» እያሉ አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔም «ምንም አይደለም፣ ከእርስዎ አይበልጥም» እያልኩ አጽናናኋቸው። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን «ቆይ ልጄ» አሉኝ፤ «ያ የሙሽሮቹ ወንበር ከአዳራሹ ጋር ነው ወይስ ለብቻው ነው የሚከፈለው?»

ወርቃማውን ወረቀት አገላብጬ አየሁት። ለብቻው ነው።