ዶላር የነካው ጭቃ

ሰሞኑን የቤት ኪራይ ሊጨመርብኝ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝን መልስ እናንተም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ዶላር ጨምሯል።

እውነት እላችኋለሁ፣ እንደኛ ያለ የምንዛሪ ሊቅ ሕዝብ የለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እንኳ "ዛሬ ስንት ገባ?" እንባባላለን። ሟቹ ስንት ልጅ ትቶ እንደሞተ የማያውቅ ሰው የትናንቱን የጥቁር ገበያ ዋጋ ከነሳንቲሙ ይነግራችኋል። የዶላር ኖት በእጁ ነክቶ የማያውቅ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ምንዛሪውን ያያል። ጸጉሬ ግን እዚሁ ነው የበቀለው።

ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ግን የጭቃ ቤት አከራዮችን ነው። የታሪክ ሰዎች ናቸው። የኔው ጋሼ የብርንና የዶላርን ታሪክ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። በ1965 ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ገባ። እዚያው ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀመጠ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ እሱ ንቅንቅ አላለም። በ1985 መግቢያ ላይ በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ነሐሴ 2002 መጨረሻ ላይ ከ13 ወደ 16 ዘለለ። ጥቅምት 2010 ከ23 ተነስቶ ወደ 27 ተጠጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ "ገበያው ይወስን" ተባለና 57 ብር የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ።

አንዷንም አልሳቱም። ችግሩ ትምህርቱን ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ክፍሌ ግድግዳ ይዘረጉና "እንግዲህ..." ማለታቸው ነው።

ስለ ግድግዳው ልንገራችሁ። ቤቱ የተሠራው በ1978 ነው። ጭቃው የተቆፈረው ከግቢው ነው። የተቆፈረበት ጉድጓድ ዛሬ የጋራ ሽንት ቤታችን ነው። ጭዱ የመጣው በአህያ ነው። ያቦኩት የሰፈር ጎረምሶች የተከፈላቸው ጠላ ነው። ዶላር በየት በኩል እንደገባ ብዙ አሰብኩ። የምጠረጥረው ባህር ዛፉን ነው። እውነቱን ለመናገር ባህር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው የገባው። ምናልባት ያኔ በዱቤ ገብቶ ዕዳው እስከ ዛሬ እየተመነዘረ ይሆናል። ቆርቆሮውም ከውጭ መጥቷል እንበል። ዝገቱ ግን ንጹሕ የአገር ውስጥ ምርት ነው።

ማታ ማታ ከግድግዳው አፈር ይረግፍብኛል። ድሮ ጠርጌ እደፋው ነበር። የውጭ ምንዛሪ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ግን በፌስታል አጠራቅማለሁ። እንግዳ ሲመጣብኝ ግድግዳውን ተደግፎ እንዳይቀመጥ እለምነዋለሁ። ሲወጣ ደግሞ ጃኬቱን አራግፌለት ነው የምሸኘው። ለአክብሮት ይመስለዋል። እኔ ግን ካፒታል እንዳይሸሽ ብዬ ነው። ባለፈው ክረምት አንዱ ጥግ ዝናብ በልቶት ተናደ። ጋሼን ብጠራቸው ቀና ብለው አዩትና "ራስህ ለጥፈው" አሉኝ። ለጠፍኩት። ከዚያው ግቢ አፈር ቆፍሬ፣ በገዛ እጄ አቡክቼ። አሁን የሚጨመርብኝ ኪራይ ያንን ጥግም ይጨምራል።

የኪራይ አዋጁን አንስቼ ነበር። እንደፈለጉ መጨመር አይቻልም ይላል አልኳቸው። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ጭማሪ አይደለም፣ የምንዛሪ ማስተካከያ ነው" አሉኝ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ጭቃ ቤት ውስጥ መቅረቱ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ግን ስቄ ማለፍ አልችልም። ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያ በዶላር ነው የሚገዛው። ብር ሲወድቅ ቢወደድ ይገባኛል። በድሮው ምንዛሪ ያስገባውን መድኃኒት መጋዘን ቆልፎበት "አልቋል" የሚለው ግን አይገባኝም። ስኳር ያለባት እናት ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትንከራተት እያየ፣ አዲሱን ዋጋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዝርፊያ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እሷ ጡረታዋን የምትቀበለው በብር ነው፣ ያውም ከዓመታት በፊት በነበረው ልክ። "ዶላር ጨምሯል" ብላ የምትጮህበት ማንም የላትም።

ደግሞ ይሄ ዶላር የሚሰማው ሽቅብ ሲሄድ ብቻ ነው። የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ የተቀራረበ ሰሞን፣ ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ ዶላር የሚባል ነገር የሚያውቅ አከራይ በሰፈራችን ጠፍቶ ነበር። ስለ ዝናቡ ነበር የሚወራው።

እኔም ታሪክ ካነሳን አይቀር ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ጋሼ ይህን ክፍል መጀመሪያ ያከራዩት በ1985 ነው፣ በ60 ብር። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ዶላሩ ያኔ 5 ብር ነበር፣ ይህንንም ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። 12 ዶላር ማለት ነው። ዛሬ አንዱን ዶላር በ150 ብር እንያዘው አልኳቸው። 1 ሺህ 800 ብር ይመጣል። እኔ የምከፍለው 6 ሺህ ነው። በታሪኩ ከሄድን 4 ሺህ 200 ብር በየወሩ ሊመልሱልኝ ይገባል።

ስልኩን ተቀብለው አዩት። "ይሄ የባንክ ነው" አሉ። በጥቁሩ እናስላ ብዬ 200 አደረግኩት። 2 ሺህ 400 መጣ። መነጽራቸውን አድርገው ደግመው አዩት። ትንሽ ዝም አሉ።

"ዶላር ካልተስማማህ በዩሮ እናድርገው" አሉኝ። ልጃቸው ፍራንክፈርት ናት።