በቀጣይ ሕይወቱ መልካም ዕድል

የአክስቴ ልጅ ከእግር ኳስ ክለቡ መሰናበቱን የሰማው ዳቦ ቤት ተሰልፎ ነው። ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ጉሟን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ተኝታለች። ከኋላው የቆመ ጎረምሳ ስልኩን አየት፣ እሱን አየት አደረገና "አይዞህ ወንድሜ" አለው። በምን እንደሚያጽናናው ሲጠይቀው ስልኩን አቀበለው። ክለቡ በገጹ ላይ ፎቶግራፍ ለጥፎ ከሥሩ "ላበረከተው አስተዋጽኦ ከልብ እያመሰገንን በቀጣይ ሕይወቱ መልካም ዕድል እንመኝለታለን" ብሏል። ስሙ የእሱ ነው። ፎቶግራፉ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት የተሰናበተው የግራ ተመላላሽ ነው። "እኔን እንኳ አንዴ ነው፤ ያንን ምስኪን ሁለት ጊዜ አሰናበቱት" አለኝ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

አክስቴ ጽሑፉ ሲነበብላት "ቀጣይ ሕይወቱ" የሚለው ላይ አማተበች። እሷ በምታውቀው አማርኛ ቀጣዩ ሕይወት የሚጀምረው ከፍትሐት በኋላ ነው። "ልጄ ደኅና ቁጭ ብሎ! ምን ዓይነት ሟርተኞች ናቸው?" አለች። ጎረቤቶቻችን ግን የገባቸው እንደ ክለቡ ነው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። አንዱ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሌላው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣችም ነበረች። ሟቹ ራሱ ቡና ያቀርብላቸዋል።

ሐዘኑ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ውሳኔው ጣሪያ ነው። ሰፈራችን ግን የሰማው ወለል አድርጎ ነው። 50 ሺህ በአሥራ ሁለት ወር 600 ሺህ፣ 600 ሺህ በስድስት ዓመት ሦስት ሚሊዮን ከስድስት መቶ ሺህ ብር፤ ይህችን ሒሳብ ሰፈር ውስጥ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ሳይቀር በቃሉ ያውቃታል። ስለዚህ ልጁ ክረምት በመጣ ቁጥር አክስቴ በር ላይ ብድር ጠያቂ ይሰለፍ ነበር። እሱ የ50 ሺህን መልክ አይቶ እንደማያውቅ፣ ያችኑ የሚያገኛትንም ባለፈው የውድድር ዓመት አምስት ወር ሙሉ እንዳልተከፈለ ለማን ይናገር? ቢናገርስ ማን ያምነዋል?

የፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ የተያዘበት ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ፣ ቢያንስ 15 ቀን ጠብቆ፣ ካልተከፈለው ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። ለምን እንዳላቋረጠ ስጠይቀው እንደ ሕፃን አየኝ።

"የሚፈልገኝ ሌላ ክለብ ነበረ። እሱ ደግሞ አራት ወር ያልከፈለ ነው። አምስቱን ወር ጥዬ ከአራት ልጀምር?"

እንግዲህ ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሰፈሩም ሥራ ሊፈልግለት ተሰበሰበ። ጊዜው ፍልሰታ ነው፣ ቅዳሴ ወጥቶ ቡና የሚፈላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ጉልበቱን በአረቄ ያሻል። ጠርሙሱ ለጉልበት ተብሎ የተገዛ ቢሆንም ከጎኑ የተቀመጡት ጋሼ ለጉሮሮም እንደሚሆን አስረድተውታል፤ እሳቸው በዕድሜ ምክንያት ከጾም ራሳቸውን ነፃ ካወጡ ቆይተዋል።

ጋሼ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ነገር የሚጀምሩት ከ1954 ነው። "በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስንበላ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት ነው ያሸነፍናት። ያኔ ተጫዋች ማለት ሠራተኛ ነበር። አንዱ የጥጥ ፋብሪካ፣ አንዱ ባቡር፣ አንዱ ጦር ሠራዊት። ካፒቴኑ ሉቺያኖ ቫሳሎ መካኒክ ነበር። ከኳስ ቢቀነስ ወደ መፍቻው ይመለሳል። አንተ ወደ ምን ትመለሳለህ?"

"ወደዚህ ተመልሼ የለም እንዴ ጋሼ?" አለ፣ ግድግዳውን እያሳየ።

መምህር የሆነው ጎረቤታችን ተስፋ መስጠት ይወዳል። ጆርጅ ዊሃ የሚባል ላይቤሪያዊ እንደነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ኮከብ እንደተባለ፣ ጫማውን ሰቅሎ ፖለቲካ ገብቶ በ2018 የአገሩ ፕሬዚዳንት እንደሆነ ተረከ። ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ እንኳ ረከቦቱን ትታ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ በምን ቀን ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም የምታሰላ ይመስል ነበር።

"አሁንስ?" አለች።

"አሁንማ በምርጫ ተሸንፎ በ2024 ወረደ።"

"እሱንም ቀነሱት?"

ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንትነትን የሚያነሳ አልተገኘም።

በደብረ ሲና መስመር የሚመላለሰው ሹፌር ቆሎ ይሽጥ አለ። ሐሳቡን መናቅ አይቻልም። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሁሉ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዛ አያልፍም፤ አውቶቡስ ገና ፍሬን ሲይዝ ሻጮቹ ከበው ይሮጣሉ፣ ሲነሳም ሒሳብ ለመቀበል ጎን ለጎን ይሮጣሉ። እኔ ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። የገብሱን ቆሎ በአንድ እጅ ይዛ፣ በሌላው መልስ እየቆጠረች፣ ቀና ብላ መስኮቱ ውስጥ ያለውን ሰው እየተከራከረች በዚያ ዳገት የምትሮጥ ልጅ አለች፤ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ከማያቸው የክንፍ ተጫዋቾች ግማሹ ኳስ ብቻ ይዞ እንኳ እንደ እሷ መሮጥ አይችልም። ችግሩ የአክስቴ ልጅ የመሃል ተከላካይ መሆኑ ነው። አውቶቡሱን ማስቆም እንጂ መከተል አይሆንለትም።

ባጃጅ ይንዳ ያለም ነበር። በአገራችን ለማንኛውም ችግር ባጃጅ ይንዳ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም።

አሠልጣኝነት ሁሉም የተስማማበት ነበር፤ ሁሉም ከግብ ጠባቂው እስከ አጥቂው የራሱን አሰላለፍ በሐሳቡ ስለሚያውቅ ሥራው ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን የሰፈር ሕፃናትን በደንብ ለማሠልጠን ስትነሳ የአፍሪካ እግር ኳስ አስተዳዳሪው ካፍ ከዲ ላይሰንስ ጀምረህ ወደ ሲ፣ ወደ ቢ፣ ወደ ኤ ውጣ ይልሃል፤ ለእያንዳንዱም ኮርስ ወረፋ አለ። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ለማሠልጠን ግን ምንም ላይሰንስ አያስፈልግም፣ ስለዚህ አጥራችን ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

"ዳኛስ ብትሆን?" አልኩት እኔም ድርሻዬን ልወጣ ብዬ።

"አሥር ዓመት ስሰድበው የኖርኩትን ሥራ?"

የተጫዋች ወኪልነትም ተነሳ። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወኪል መሆን ለሚፈልግ ሁሉ ፈተና ይሰጣል፤ ሃያ ምርጫ ጥያቄ ነው፣ ከመቶ 75 ያላመጣ ይወድቃል። የእኛ ደላላ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነው ያለፈው። ባለፈው ዓመት አንዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አክስቴ ቤት ገባ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ልጁን አጠገቡ አስቆመና የቀኝ ጉልበቱን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። መንዝ በግ ገበያ ላይ ላት የሚዳበሰው እንዲህ ነው። ከዚያ የግራውን ዳበሰ። ከዚያ ፊቱን ሳያይ "ይሄኛው ትንሽ ሙቀት አለው" አለና ከሚያገኘው ዋጋ ላይ በአፉ ሃያ ሺህ ብር ቀነሰ።

የጉልበቱ ነገርስ ይሁን፤ ትልቁ ደንቃራ ዕድሜው ነው። በወረቀት 28 ነው። አምናም 28 ነበር፣ ካቻምናም 28፤ የክለብ መዝገብ ላይ ዕድሜ የሚጨምረው ተጫዋቹ ፊርማ ላይ የተጣላ ጊዜ ብቻ ነው። አክስቴ ግን መዋሸት አታውቅም። እሷ ልጆቿን የምትቆጥረው በመንግሥት ነው። "ደርግ ሲወድቅ ይሄ ጥርስ አብቅሎ ነበር" ትላለች ለመጣ ለሄደው። ደርግ የወደቀው ደግሞ ግንቦት 1983 ነው፤ ሰው እንዳይደምር አፉን መያዝ አይቻል። አንድ ጊዜ የክለብ ሰዎች ሊያዩት መጥተው ይህንን ነገረቻቸው፤ ቡናውን እንኳ ሦስተኛውን ሳይጠጡ ሄዱ። ልጇ ሲቆጣ፣ "እኔ ለሰው ብዬ እግዚአብሔርን አላስከፋ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ስፖርት ጋዜጠኞች "ጫማውን ሰቀለ" ይላሉ። እዚህ ቤት ጫማውን የሰቀለችው አክስቴ ናት። ከጓዳው በር በላይ ካለው ምስማር ወንፊቱን አውርዳ ጫማውን በክሩ አንጠለጠለችው፤ ታኬታው ላይ የመጨረሻው ሜዳ ጭቃ ከነሣሩ ደርቆ አለ። ወንፊቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታ አጥቶ ሲንከራተት ይኖራል። ዱቄት በምትነፋ ቁጥር ትፈልገዋለች፤ ስትፈልገው ጫማውን ታያለች፤ ጫማውን ስታይ "እንዲያው ከሆነስ…" ብላ ትጀምርና ሳትጨርስ ትተወዋለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ አፌን ሞልቼ የምመክረው በምን ልምዴ እንደሆነ አንዳንዴ ይገርመኛል። አንድ መሥሪያ ቤት 22 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሠርቻለሁ ማለት ተቀምጫለሁ። በእሱ ሥራ አንድ ቅዳሜ ቀሰስ ያለ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው ደረጃ የሚያድገው። የእግር ኳስ ሕግ አሁን በአንድ ጨዋታ አምስት ሰው መቀየር ይፈቅዳል። በክፍላችን ሥራ ላይ ቢውል አምስቱን በስም አውቃቸዋለሁ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚወጡም እነግርሃለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። አሁን የወጣው ደንብ ደግሞ ግብ ጠባቂ ኳስ ይዞ ከስምንት ሰከንድ በላይ ከቆየ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል ይላል። መዝገብ ቤታችን አንድ ፋይል ደረቱ ላይ አቅፎ ስምንት ወር የተኛበት ጊዜ አለ፤ ባለጉዳዩ የማዕዘን ምት ቢሰጠው ኖሮ እስካሁን መቶ ጎል አስቆጥሮብን ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ለሻይ ስንወጣ አራተኛ ዳኛ በሩ ላይ ቆሞ ሰሌዳውን ከፍ ሲያደርግ፣ ቁጥሬ በቀይ ሲበራ፣ እኔም ባልደረቦቼን በእጄ እየነካሁ፣ ለደመወዜ እያጨበጨብኩ ስወጣ በሐሳቤ አየሁትና ወንበሬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ነሐሴ 12 ቀን፣ ፍልሰታ ሊፈታ አራት ቀን ሲቀረው፣ ስልኩ ጮኸ። ሁላችንም ነበርን። ጋሼ 1954ን ጨርሰው ወደ ተጨማሪው ሰዓት ሊገቡ ነው። ልጁ ስልኩን አነሳ፤ ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፣ ቀጥ ብሎም ተቀመጠ። ከአንድ የታችኛው ሊግ ቡድን ነው። ዝግጅት ጀምረዋል፣ የመሃል ተከላካያቸው ተጎድቷል፣ ሰኞ ለሙከራ መምጣት ይችላል ወይ? ይችላል። ጉልበቱ ደኅና ነው? ደኅና ነው፤ ይህን ሲል የአረቄውን ጠርሙስ በእግሩ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋው። ከዚያ ዝም አለ። የስልኩን አፍ በመዳፉ ከደነና ወደ እኛ ዞረ።

"ዕድሜ ይላሉ" አለ በሹክሹክታ።

መምህሩ ወደ መሬት አየ። ጋሼ አረቄውን ፈለጉ። ሁላችንም ወደ ጓዳው ማየት ፈርተን ነበር፤ ምክንያቱም አክስቴ ከበሩ ላይ ቆማለች፣ ቅዳሴ የዋለችበትን ነጠላ ገና አላወለቀችም። ደርግን ልትጠራ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"26 በለው" አለች። አማተበችና ጫማውን ከምስማሩ ልታወርድ በእግሯ ጣት ቆመች።