ቀስቴን ወጥሬ ቀረሁ
ቅዳሜ ማታ ጎንደር ፒያሳ፣ ጓደኛዬ ቤት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ገጸ ባሕርይ ይዘን በዳይስ የምንጫወተው የምናብ ጨዋታ) እየተጫወትን ነበር። «ጠንቋዩ ድግምት ሲጀምር በቀስት እመታዋለሁ» ብዬ ተራዬን ሠውቼ ተዘጋጀሁ። ጀመረ። ወረወርኩ፣ አገኘሁት። ጨዋታውን የሚመራው አጫዋች ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መጀመሪያ ድግምቱ ያልቃል፣ ያንተ ቀስት ከዚያ በኋላ ነው።» የእሳት ኳሱ ሦስታችንንም ጠበሰን!

የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው ሕግ አምስተኛ እትም፣ የተዘጋጀ ድርጊት የሚፈጸመው የጠበቅከው ነገር ካበቃ በኋላ ነው። በቀድሞው 3.5 እትም እኮ ይቀድም ነበር! የተመታው ጠንቋይ 10፣ የደረሰበት ጉዳትና የድግምቱ ደረጃ ተደምረው የሚሰጡትን ቁጥር በዳይስ በሚደረግ የትኩረት ፈተና ካላገኘ ድግምቱ ይከሽፍ ነበር። ታዲያ አሁን ቀስቴን ወጥሬ የቆምኩት ፎቶ ልነሳ ነው? የግቢ ዘበኛ እንኳ ሌባው ሰርቆ እስኪጨርስ አይጠብቅም። ኧረ በፋሲል! ቡናዬም ቀዘቀዘ።